ወሮታ ከፋይ ነኝ፦ የስታክ ኦቨርፍሎው ባውንቲ እንዴት ይሠራል?

አዲስ አበባ ውስጥ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ቆም ብሎ የማንበብ አመል ያለበት ሰው ይህችን ማስታወቂያ ያውቃታል። «ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና የትምህርት ማስረጃ የያዘ ጥቁር ቦርሳ ስለጠፋብኝ ያገኘ ቢመልስልኝ ወሮታ ከፋይ ነኝ።» ከታች ስልክ ቁጥር አለ። የወሮታው ልክ ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም። መቶ ብር ይሁን ሺህ ብር፣ ቦርሳው ሲመጣ ፊት ለፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ቦርሳው ሳይገኝ ከቀረም ከፎቶ ኮፒና ከማጣበቂያ ሌላ የወጣ ነገር የለም።

አሁን ማስታወቂያዋን ትንሽ እንለውጣት። ለጣፊው ወረቀቱን ገና ሲለጥፍ ወሮታውን ቆጥሮ ያስረክባል እንበል። ልኩም ወረቀቱ ላይ በደማቁ ይጻፋል። ቦርሳው ተገኘም አልተገኘም ብሩ አይመለስለትም። ወረቀቱ የሚቆየው 7 ቀን ብቻ ነው። በምትኩ ግን ምሰሶው ላይ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ተለይቶ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይሰቀልለታል።

የስታክ ኦቨርፍሎው ባውንቲ ማለት ይሄ ነው። ኮድ የምንጽፍ ሰዎች «ባውንቲ» እያልን ነው የምንጠራው፤ እኔ ግን እዚህ ወሮታ እላለሁ። ቃሉ የራሳችን ነው፣ ደግሞ ልክ ይገጥማል።

ለማያውቁት፣ ስታክ ኦቨርፍሎው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ነው። በ2008 ጄፍ አትውድና ጆኤል ስፖልስኪ አሜሪካ ውስጥ ጀመሩት። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ፕሮግራመር እንግዳ የሆነ ኤረር (የስሕተት መልእክት) ሲገጥመው ገልብጦ ጎግል ላይ ይለጥፈዋል፤ ለብዙ ዓመት ከላይ ይመጣ የነበረው መልስ ከዚህ ድረ ገጽ ነው። ወሮታው የተጨመረው ጣቢያው ለሕዝብ ከተከፈተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2009 መጀመሪያ ነው።

ምኑ ነው የሚከፈለው?

ብር የለም። ያለው ነጥብ ነው። ሬፒዩቴሽን ይሉታል። አዲስ የተመዘገበ ሰው በ1 ነጥብ ይጀምራል። የጻፈው ነገር ጠቅሞኛል ብሎ አንድ ሰው የድጋፍ ድምፅ ሲሰጠው 10 ነጥብ ያገኛል። ለጥያቄ የሚሰጠው ድሮ 5 ነበር፣ ከ2019 መጨረሻ ወዲህ ከመልስ ጋር እኩል ሆኗል። ጠያቂው ደግሞ ከመጡት መልሶች አንዱን መርጦ «የሠራልኝ ይሄኛው ነው» ብሎ አረንጓዴ ራይት ያደርግበታል። ያኔ መላሹ 15 ያገኛል፣ ጠያቂውም ራይት ስላደረገ ብቻ 2 ይደርሰዋል። የተቃውሞ ድምፅ የተሰጠበት ሰው 2 ይቀነስበታል። የሰው መልስ የሚቃወመው ሰውዬም ራሱ 1 ነጥብ ይከፍላል። ይህቺን ደንብ በጣም ነው የምወዳት። ለመቃወም ትንሽ መቆንጠጥን የመሰለ ነገር የለም።

በዚህ ነጥብ ዳቦ አይገዛም። በር ግን ይከፈትበታል። 15 ሲሞላላችሁ ለሌላው የድጋፍ ድምፅ መስጠት ትችላላችሁ። በ50 በማንም ጽሑፍ ሥር አስተያየት ትጽፋላችሁ። በ75 ወሮታ መመደብ ይፈቀድላችኋል። በ125 መቃወም ትችላላችሁ። 2,000 ላይ የሰው ጽሑፍ ማንንም ሳታስፈቅዱ ታርማላችሁ፣ 3,000 ላይ ደግሞ ጥያቄ እንዲዘጋ ድምፅ ትሰጣላችሁ። ነጥባችሁ ከወረደ የተከፈተው በር ተመልሶ ይዘጋል። ስለዚህ ወሮታ የሚመድብ ሰው እየሰጠ ያለው የቆመበትን የመሰላል እርከን ነው። 130 ነጥብ ያለው ሰው 50 ቢመድብ፣ ትናንት ይቃወም የነበረው ዛሬ መቃወም አይችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። በድምፅ የሚገኝ ነጥብ በቀን ከ200 አያልፍም። ምንም ያህል ጎበዝ ብትሆኑ ጣሪያው ያ ነው። ወሮታና አረንጓዴ ራይት ግን ከጣሪያው ውጭ ናቸው። እንግዲህ በየቀኑ 200 የሚሞላላቸው ጉምቱዎች ወሮታ ያለበትን ጥያቄ ለምን ዞር ብለው እንደሚያዩ ገባችሁ።

የሳጥኖቹ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት ደረሰኝ የሚያወጣ ፕሮግራም እሠራ ነበር። ደረሰኙ ፒዲኤፍ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ይታተማል። ቁጥሩ ልክ ነው። እንግሊዝኛውም ልክ ነው። አማርኛው ግን ሳጥን ሆነብኝ። «ጠቅላላ ድምር» ማለት የነበረበት ቦታ ላይ «□□□□ □□□» ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው አዩት። «ይሄ ምንድን ነው ልጄ? እየፋቅን ነው የምናነበው?» አሉኝ።

ሁለት ቀን ታገልኩ። ከዚያ ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ ጽፌ ለጠፍኩ። ጣቢያው በእንግሊዝኛ ነው የሚሠራው። የጻፍኩት በአማርኛ ሲገለበጥ ይህን ይመስላል፦ «የአማርኛ ጽሑፍ ፒዲኤፍ ላይ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ምን ላድርግ?» ከሥሩ ሃያ መስመር ኮድ። በቃ።

ማንም አልመለሰ። ደግሞ ባይመልሱ አይፈረድባቸውም። ጣቢያው በደጉ ዘመኑ በቀን በሺዎች የሚቆጠር አዲስ ጥያቄ ይጎርፍበት ነበር። አንድ ጥያቄ ከላይ የሚታይባት ጊዜ በጣም አጭር ናት። በእሷ ውስጥ የሚያውቅ ሰው ካላለፈ ጥያቄው ወደ ታች ይሰምጣል። የእኔ ደግሞ ፊደሉን ለማያውቅ ሰው ከሩቁ የሚያስፈራ ነው።

ያኔ 112 ነጥብ ነበረኝ። በሁለት ዓመት ነው የቃረምኩት፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ። ከሱ ላይ 50 መደብኩ።

አመዳደቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጥያቄው ከተለጠፈ 2 ቀን ሊሞላው ይገባል። እንደተለጠፈ ወሮታ መስቀል አይፈቀድም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ጥያቄ በነፃ ይመለሳል፣ በነፃ ለሚመለስ ነገር ሰው እንዲከፍል አይፈለግም። ሁለት ቀኑ ሲያልፍ ከጥያቄው ሥር ወሮታ የሚጀመርበት ቁልፍ ይመጣል። ትንሹ 50 ነው፣ ትልቁ 500፣ በመካከሉ በ50 በ50 እየዘለለ ይሄዳል። ቀጥሎ ምክንያት ያስመርጣችኋል፦ ጥያቄው በቂ ትኩረት አላገኘም፣ ያሉት መልሶች አርጅተዋል፣ ከታመነ ምንጭ የተደገፈ መልስ እፈልጋለሁ፣ የመሳሰለው። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። መልእክት የምትጻፍባት ትንሽ ሳጥንም አለች። (ሌላ ሳጥን!) «እባካችሁ፣ አስቸኳይ ነው» ብዬ ጻፍኩባት። ለምን እንደማይረባ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁልፉን ስትጫኑ ነጥቡ ያኔውኑ ይቆረጣል። የእኔ 112 በዓይኔ ፊት 62 ሆነ። ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት አይቻልም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መፍትሔውን ራሳችሁ ብታገኙትም አይመለስም። ለራሳችሁ መልስም ወሮታውን ልትሰጡ አትችሉም።

ጥያቄው ርዕስ ላይ ሰማያዊ «+50» ተለጠፈበት። ወሮታ ያለባቸው ጥያቄዎች ብቻ ወደሚታዩበት ገጽም ገባ። እዚያ ገጽ ላይ የሚውሉ ሰዎች አሉ። ጠዋት ቡናቸውን ይዘው፣ በሚያውቁት ቋንቋ አጣርተው፣ ዛሬ ምን ተሰቅሏል እያሉ ይቃኛሉ።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወሮታ ማለት የመልስ ዋጋ ይመስለዋል፤ ከፈልኩ፣ ስለዚህ ይመለስልኛል ይላል። የተከፈለው ግን የሞንታርቦ ኪራይ ነው። መርካቶ ውስጥ ሞንታርቦ ተከራይቶ ዕቃውን የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ዕቃው ባይሸጥለት የሞንታርቦውን ገንዘብ መልሱልኝ አይልም። ያንን ሰዓት ያህል ድምፁ ተሰምቶለታል።

ለምን አይመለስም ለሚለው ሌላም ምክንያት አለ። ቢመለስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ሁሉም ሰው ያለውን ነጥብ ሁሉ ይመድባል። 500፣ 500፣ 500። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ «የሚያረካኝ መልስ አላገኘሁም» ብሎ ሰብስቦ ይሄዳል። መልሱን ወስዶ፣ ወሮታውንም ይዞ ማለት ነው። መላሹም አንዴ ሲበላበት፣ ሁለተኛ ሲበላበት፣ ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። ቀድሞ መቆረጡ ወሮታ መዳቢውን ከስስት ነፃ ያወጣዋል። ነጥቡ እንደሆነ ሄዷል፤ የቀረው ማን ይውሰደው የሚለው ብቻ ነው።

ስድስተኛው ቀን

ወሮታው 7 ቀን ይቆያል። ከተመደበ 24 ሰዓት እስኪሞላው ለማንም መስጠት አይቻልም። ከሰባቱ ቀን በኋላ ደግሞ ሌላ 24 ሰዓት የመወሰኛ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ ያኔ ከማስታወቂያው ገጽ ወርዷል፣ ግን አሸናፊውን መምረጥ ይቻላል። እያስታወሰም መልእክት ይልካል።

ለእኔ በሁለተኛው ቀን አንድ መልስ መጣ። አጭር ነው። «ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 መላክህን አረጋግጥ» ይላል። ዩቲኤፍ-8 ኮምፒውተር የየቋንቋውን ፊደል በቁጥር የሚመዘግብበት ዘዴ ነው። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ለብዙ ሰው ይሠራል። ግን እኔ ከመጀመሪያውም በዩቲኤፍ-8 ነበር የምልከው። ችግሩ ይህን ጥያቄዬ ውስጥ አልጻፍኩትም። ያለፈው ያገደመው መልሱን እያየ «ልክ ነው» አለ፣ ሦስት ሰው የድጋፍ ድምፅ ሰጠው። እኔም «እሱን ሞክሬዋለሁ» ብዬ አስተያየት ጽፌ ተውኩት።

በዚያው ሳምንት ሀገር ቤት ለቅሶ ገጠመኝና ሄድኩ። የሄድኩበት ቦታ ኔትወርክ የለም። ስመለስ ዘጠነኛው ቀን ነው።

ስልኬን ሞልቼ ከፈትኩ። በስድስተኛው ቀን ሌላ መልስ መጥቷል። ሰውዬው ነገሩን ከሥሩ ነው ያስረዳው። ፒዲኤፍ ሲፈጠር ጀምሮ ይዟቸው የመጣ መደበኛ ፎንቶች አሉ፤ ሄልቬቲካ፣ ታይምስ፣ ኩሪየር የመሳሰሉት። በነሱ ውስጥ የእኛ ፊደል የለም። ጽሑፉ በትክክል ደርሷል፣ «ጠ» «ጠ» መሆኗን ፕሮግራሙ ያውቃል፣ የሚሥላት ቅርጽ ግን የለውም። የማያውቀውን ሁሉ ሳጥን ያደርገዋል። መፍትሔው ፊደላችን ያለበትን ፎንት፣ ለምሳሌ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን፣ ከፒዲኤፉ ጋር አብሮ መክተት ነው። ከሥሩ ስድስት መስመር ኮድ አስቀምጧል። ገልብጬ አስኬድኩት። «ጠቅላላ ድምር» አለ። ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ።

ከዚያ ወሮታውን ልሰጠው ቁልፉን ፈለግኩ። የለም። ቀኑ አልፏል።

ምን ሆነ? ወሮታ መዳቢው ሳይወስን ጊዜው ካለፈ ጣቢያው ራሱ ይወስናል። ወሮታው ከተመደበ በኋላ ከመጡት መልሶች ውስጥ ብዙ ድምፅ ያለውን ያያል። የድምፁ ድምር ቢያንስ 2 ከሆነ ግማሹን ወሮታ ይሰጠዋል። የቀረው ግማሽ ይቃጠላል፤ ለማንም አይደርስም። የእኔ ስድስተኛ ቀን መላሽ የነበረው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ ዘግይቶ ስለመጣ። «ዩቲኤፍ-8» ባዩ ሦስት አለው። 25 ነጥብ ወደሱ ሄደ። ሌላው 25 ጠፋ።

አንድ መዳኛ ነበረች። ጥያቄው የራሳችሁ ከሆነ፣ ወሮታውንም የመደባችሁት እናንተ ከሆናችሁ፣ በወሮታው ጊዜ ውስጥ የመጣ መልስ ላይ አረንጓዴ ራይት ካደረጋችሁ፣ ወሮታውን መስጠት ብትረሱ እንኳ ሙሉው ለዚያ መልስ ይሄዳል። እኔ ግን ራይቱንም አላደረግኩም። የሚገባው መልስ 2 ድምፅ እንኳ ካላገኘ ደግሞ ምንም አይሰጥም፣ ሙሉው ወሮታ ይቃጠላል።

ራይትና ወሮታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ በሉ። ብዙ ጀማሪ ራይት ካደረገ ወሮታውም አብሮ የተሰጠ ይመስለዋል። አይደለም። ወሮታውን ለመስጠት መልሱ አጠገብ ያለችውን የ«+50» ምልክት ለብቻዋ መጫን ያስፈልጋል። ሁለቱን ለሁለት ሰው መስጠትም ይቻላል።

ጥፋቴን ላርም ብዬ ሁለተኛ ወሮታ አሰብኩ። ሂሳቡን ሠራሁ። 62 ነበረኝ። ጥያቄው በወሮታው ሰሞን ሰው አይቶት ሦስት የድጋፍ ድምፅ አግኝቷል፣ 30 ነጥብ። (ይህ የወሮታ የጎን ጥቅም ነው፤ ጥያቄው ደህና ከሆነ የከፈላችሁት በከፊል በድምፅ ይመለሳል።) ራይት ሳደርግ 2። ድምሩ 94። በ94 ወሮታ መመደብ ይቻላል፣ ከ75 በላይ ነው። ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ያው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ወሮታ ሲመድብ ቢያንስ የመጀመሪያውን እጥፍ መሆን አለበት። 100። ስድስት ነጥብ ጎደለኝ።

እጥፍ የሚለው ደንብ ያለ ነገር አልመጣም። ባይኖር ኖሮ ነጥብ የተረፈው ሰው አንዱን ጥያቄ በየሳምንቱ በ50 እያደሰ ዓመቱን ሙሉ ማስታወቂያ ላይ ያቆየው ነበር። 50፣ 100፣ 200፣ 400 እያለ ሲሄድ ግን የማንም ኪስ ይደክማል። በዚያው መንፈስ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ3 በላይ ወሮታ ማንጠልጠል አይችልም፣ አንድ ጥያቄም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ወሮታ አይሸከምም።

የሰው ጥያቄ ላይ መክፈል

ከሁሉም የምወደው የወሮታ ባሕርይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ጥያቄው የእናንተ መሆን የለበትም።

የሆነ ኤረር ገጥሟችሁ ፈለጋችሁ እንበል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የማታውቁት ሰው ልክ የእናንተን ጥያቄ ጠይቋል። መልስ የለውም። ሰውየውም ኤረሩን ትቶት ወደ ሌላ ሕይወት ሄዷል። ያንኑ ደግማችሁ ብትጠይቁ «ተደጋጋሚ ነው» ሊባልና ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በሰውየው ጥያቄ ላይ ወሮታ ትመድባላችሁ። መልስ ከመጣ ለማን እንደሚሰጥ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ አረንጓዴውን ራይት ግን ጠያቂው ብቻ ነው የሚያደርገው። አንዳንዴ ጠያቂው ከዓመታት በኋላ ኢሜይል ይደርሰውና «ውይ፣ ይሄ ነገር ተፈታ?» ብሎ ይመጣል።

ሌላው ደግሞ መልሱ እያለ የሚመደብ ወሮታ ነው። ከወሮታ ምክንያቶቹ አንዱ «ያለውን ጥሩ መልስ ለመሸለም» የሚል ነው። የሆነ ሰው ከአምስት ዓመት በፊት የጻፈው መልስ ሌሊታችሁን አትርፎላችኋል። አንድ የድጋፍ ድምፅ አነሰባችሁ። ወሮታ መድባችሁ፣ 24 ሰዓት ጠብቃችሁ ትሰጡታላችሁ። ይህንን እንኳ ወሮታ ከማለት ጉርሻ ማለት ይሻላል። ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተዋዋለም፤ እጅ ወደ አፍ ብቻ ነው።

የማይፈቀደውም አለ። ሁለት አካውንት ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ነጥብ በወሮታ ማሻገር ያስቀጣል። ከጓደኛ ጋር ተማክሮ መቀባበልም እንዲሁ። ወሮታ ያለበትን ጥያቄ ደግሞ በተራ ድምፅ መዝጋት ስለማይቻል፣ ሊዘጋ የሚገባውን ጥያቄ በወሮታ አስጠልሎ ለማቆየት የሚሞክር አይጠፋም። እሱን የጣቢያው አወያዮች (ሥርዓት አስከባሪዎቹ) ወሮታውን አንስተው ይዘጉታል።

በብር ቢሆንስ?

ይህን ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ነጥብ ምን ያደርጋል፣ ለምን በገንዘብ አይሆንም?

ተሞክሯል። ጎግል ራሱ በ2002 ጎግል አንሰርስ የሚባል አገልግሎት ከፍቶ ነበር። ጠያቂው ከ2 እስከ 200 ዶላር ዋጋ ይቆርጣል። የሚመልሱት ተመርጠው የተመዘገቡ ተመራማሪዎች ናቸው። ከዋጋው ሦስት አራተኛው ለመላሹ፣ ቀሪው ለጎግል ነበር። መልሶቹ ጥሩ ነበሩ ይባላል፣ ግን በ2006 መጨረሻ አዲስ ጥያቄ መቀበል አቆመ። በነፃ የሚሠራው ያሁ አንሰርስ በበኩሉ እስከ 2021 ቆየ። እዚያ መጠየቅ 5 ነጥብ ያስከፍል ነበር፣ የተመረጠ መልስ ደግሞ 10 ያስገኝ ነበር። ነጥቡ ግን የሚከፍተው በር እምብዛም ስለነበር ጨዋታ ሆኖ ቀረ።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ገንዘብ ሲገባ መላሹ ያሰላል። በ5 ዶላር ሦስት ሰዓት የሚሠራ ሰው ሞኝ ይባላል። በ50 ነጥብ ሦስት ሰዓት የሚሠራ ሰው ግን ጎበዝ ነው የሚባለው። ያ የስድስተኛው ቀን ሰው የእኔን ሳጥን ለመፍታት ፊደላችን ያለበትን ፎንት አውርዶ፣ የማያነበውን «ጠቅላላ ድምር» ከጥያቄዬ ላይ ገልብጦ፣ ሞክሮ ነው የመለሰው። ደሞዝ ቢሆን አያዋጣውም።

የሽልማት ክብር ከገንዘብ ዋጋው ውጭ መሆኑን የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች አሉ፤ ከርዕሱ ወጣ ስለሚሉ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዶናልድ ክኑዝ የሚባል ታዋቂ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ መጽሐፎቹ ውስጥ ስሕተት ላገኘ ሰው የ2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ይልክ ነበር። ሰዎች ቼኩን ባንክ መውሰድ ትተው በፍሬም ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። በ2008 ከማጭበርበር ስጋት የተነሳ እውነተኛ ቼክ መላክ አቁሞ፣ በሌለች ደሴት ያለ የሌለ ባንክ የምስክር ወረቀት መላክ ጀመረ። ሰው አሁንም ስሕተት ይፈልጋል።

ሁለተኛዋ የዝይዋ ናት። በ1930ዎቹ ያኔ ፖላንድ ውስጥ በነበረችው፣ ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ባለችው በልቪቭ ከተማ የሂሳብ ሊቃውንት ካፌ ውስጥ ተሰብስበው ጥያቄ በአንድ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። አጠገቡም ሽልማቱን ያሰፍራሉ። በ1936 ስታኒስዋቭ ማዙር አንድ ከባድ ጥያቄ ጽፎ ወሮታው በሕይወት ያለች ዝይ ናት አለ። ጦርነት መጣ፣ ከተማዋ ከአገር ወደ አገር ዞረች፣ ጥያቄው ግን ሳይፈታ ቆየ። በ1972 ፔር ኤንፍሎ የሚባል ስዊድናዊ ፈታው። ዋርሶ ድረስ ሄዶ ዝይዋን ከማዙር እጅ በቅርጫት ተቀበለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የቆየ ወሮታ። ሰባት ቀን አልተባለም እንግዲህ።

መልእክቷ ሳጥን

«እባካችሁ፣ አስቸኳይ ነው» ያልኩት ለምን አይረባም ብዬ ነበር። የወሮታ አዳኙ ገጹን ሲቃኝ ርዕሱን፣ ነጥቡንና መልእክቱን ያያል። አስቸኳይነቴ የእኔ ነው፣ እሱን አይመለከተውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ምን እንደተሞከረና ምን እንደቀረ ነው። ዛሬ ቢሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 ነው፣ አረጋግጫለሁ። ስክሪን ላይ ልክ ይታያል፣ ፒዲኤፉ ላይ ብቻ ሳጥን ይሆናል። ፎንት አልቀየርኩም። የሚሠራ የኮድ ምሳሌ እፈልጋለሁ።» አራት አጭር ዓረፍተ ነገር። «ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መልስ ገና ሳይጻፍ ይዘጋዋል፤ «ፎንት አልቀየርኩም» የምትለዋ ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ዓይን ታበራለች። ጥያቄውንም እንዲሁ ነበር ማስተካከል፤ ሃያውን መስመር ኮድ ወደ አምስት አውርጄ፣ የሳጥኑን ፎቶ ጨምሬ።

እውነቱን ለመናገር ይህን ባደርግ ኖሮ ወሮታም ላያስፈልገኝ ይችል ነበር። ወሮታ መጥፎ ጥያቄን ብዙ ሰው እንዲያየው ያደርጋል እንጂ አያሻሽለውም። ደብዛዛ ጥያቄ በሞንታርቦ ሲጮህ ያው ደብዛዛ ነው።

ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ብዙ ሰው ኤረሩን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ነው፣ የስታክ ኦቨርፍሎው አዲስ ጥያቄም በጣም ቀንሷል። ጣቢያው በታኅሣሥ 2022 በማሽን የተጻፈ መልስ መለጠፍን ከልክሏል። ወሮታ ያለባቸው ጥያቄዎች በተለይ ይህን ይስቡ ነበር፤ 50 ነጥብ አየ፣ ጥያቄውን ገለበጠ፣ ማሽኑ የሰጠውን ለጠፈ። የኔው ዓይነት «ዩቲኤፍ-8» ባይ መልስ ነው በብዛት የሚወጣው። የሚያምር፣ ሥርዓት ያለው፣ ጥያቄውን ያልነካ።

ያ ጥያቄዬ አሁንም አለ። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከሥሩ «በትግርኛ ደረሰኝ ላይ ያው ችግር ነበረብኝ፣ ሁለተኛው መልስ ሠራልኝ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የስድስተኛው ቀን ሰው መልስ ቀስ በቀስ 11 ድምፅ ደርሷል፣ የእኔም አረንጓዴ ራይት አለበት። «ዩቲኤፍ-8»ቱ በሦስት ድምፁ እንደቆመ ነው። ሰማያዊው «+25» ግን አሁንም እሱ ላይ ተለጥፎ ይታያል።